የሐበሻ ዶሮ ሰነፍ ናትን? ስለ ጓሮ ዶሮ እርባታ በሚሰጠው ምክር ላይ የቀረበ ሒስ

በአገራችን ስለ ዶሮ እርባታ የተጻፈውን ያነበበ፥ ወይም የእርሻ ባለሙያ ሲያስረዳ የሰማ ሰው አንድ ፍርድ ሳያጋጥመው አይቀርም። ፍርዱም የሐበሻ ዶሮ ሰነፍ ናት የሚል ነው። በዓመት የምትጥለው ዕንቁላል ከ40 እስከ 60 ቢደርስ ነው፤ የአንዱም ዕንቁላል ክብደት ከ40 ግራም ብዙ አያልፍም። የፈረንጅ ዶሮ ግን በደንብ ከተያዘች ከ250 በላይ ትጥላለች፤ የዕንቁላሏም ክብደት 60 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ የፊተኛይቱ ተወግዳ በኋለኛይቱ መተካት አለባት ይባላል።

ይህ ነገር ለብዙ ዘመን ሲደጋገም ስለ ኖረ እንደ ተረጋገጠ እውነት ተቈጥሮ ቀርቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቍጥሩን ለመካድ አይደለም፤ ቍጥሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ትክክለኛው ቍጥር የተሳሳተ ፍርድ እንደ ወለደ፥ ከተሳሳተውም ፍርድ የተሳሳተ ምክር እንደ ተወለደ ለማስረዳት ነው። የምናገረውም ስለ ጓሮ ዶሮ ብቻ ነው። ይኸውም በአብዛኛው ከ10 የማይበልጡ፥ ቀን በደጅ እየጫሩ ውለው ማታ በቤት ውስጥ ቆጥ ላይ የሚያድሩ፥ በቤቱ እመቤት እጅ ያሉ ዶሮዎች ማለት ነው። በሺህ የሚቈጠሩ ዶሮዎችን አጥሮ ለገበያ የሚያረባ ነጋዴ ጉዳይ ሌላ ስለ ሆነ በዚያ ላይ ብዙ አልናገርም።

1. ምክሩ ከወዴት መጣ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በጅማና በዓለማያ የተቋቋሙት የእርሻ ትምህርት ቤቶች በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ይካሄዱ በነበረበት ጊዜ፥ ነጭ ሌግሆርን፥ ሮድ አይላንድ ሬድ፥ ኒው ሃምፕሻየርና አውስትራሎርፕ የተባሉት ዘሮች ወደ አገራችን ገቡ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ድረስ የእርሻ መሥሪያ ቤቶችና የምርምር ጣቢያዎች አንዳንድ ጊዜ ዘር ያለው ዕንቁላል፥ አንዳንድ ጊዜ ጫጩትና ቄብ፥ አንዳንድ ጊዜም አውራ ዶሮ ለገበሬው ሲያድሉ ኖረዋል። አውራ በሚታደልበትም ጊዜ ገበሬው በቤቱ ያሉትን የአገር አውራዎች እንዲያስወግድ ይነገረው ነበር። አሳቡ ግልጽ ነው። አውራው ከተለወጠ ዘሩ ይለወጣል፤ ዘሩ ከተለወጠ ዕንቁላሉ ይበዛል የሚል ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ2013 ዓ.ም. ማዕከላዊ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በአደረገው ቈጠራ በአገሪቱ 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮ ሲገኝ፥ ከመቶው 79 የሚሆነው የሐበሻ ዶሮ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የፈረንጅና የድቅል ዶሮ ቍጥር በፍጥነት ማደጉ አይካድም። ቢሆንም ሥራው ከተጀመረ ከ60 ዓመት በላይ አልፎ ከአምስቱ ዶሮ አራቱ ያችው ሰነፍ የተባለችው ናት።

አንዳንዶች ይህን የሚተረጕሙት ገበሬው አዲስ ነገር ስለማይወድ ነው በማለት ነው። ይህ ትርጓሜ ግን አያጠግብም። በቆሎ ከባሕር ማዶ መጥቶ በገበሬው ማሳ ሲስፋፋ፥ ባሕር ዛፍም እንዲሁ በየጓሮው ሲተከል ገበሬው እንቢ አላለም። ስለዚህ የፈረንጅ ዶሮን በጓሮው ለማቈየት ያልቻለበት ምክንያት ከጠባዩ ይልቅ ከነገሩ ውስጥ መፈለግ አለበት።

2. የዶሮዋ ዓመት ሲቈጠር

የምክሩ ስሕተት የሚጀምረው ከአቈጣጠሩ ነው። ባለሙያው የሚቈጥረው ዕንቁላል ብቻ ነው። የሐበሻ ዶሮ ግን ሦስት ሥራ አለባት። ትጥላለች፥ ታቅፋለች፥ ታሳድጋለች። እስቲ ዓመቷን በቀን ከፋፍለን እንመልከት።

አንዲት የሐበሻ ዶሮ በአንድ ዙር ከ12 እስከ 15 ዕንቁላል ትጥላለች። በየቀኑ ስለማትጥል ይህ ለምሳሌ 20 ቀን ይወስድባታል እንበል። ከዚያ በኋላ 21 ቀን ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ደግሞ እየጫረች፥ ከጭልፊት እየተከላከለች፥ ማታ በክንፏ ሥር እየሰበሰበች ሁለት ወር ተኩል ያህል ይዛቸው ትዞራለች፤ ይህንም 80 ቀን እንበለው። ሲደመር 121 ቀን ይሆናል። 365 ቀን ለ121 ሲካፈል ከሦስት ዙር አይበልጥም። ሦስት ጊዜ 15 ደግሞ 45 ነው።

እነሆ ስንፍና ተብሎ የተቈጠረው 45 ዕንቁላል ከዚህ የመጣ ነው። በዚህ ስሌት ዶሮዋ ዕንቁላል ለመጣል ያላት ጊዜ ከዓመቱ ውስጥ 60 ቀን ብቻ ነው። በ60 ቀን 45 ዕንቁላል ጣለች ማለት ከአራት ቀን በሦስቱ ጣለች ማለት ነው። ይህ የሰነፍ ሥራ አይደለም። በቀረው 300 ቀን ውስጥ የምትሠራው ሥራ ግን በባለሙያው መዝገብ ላይ ዓምድ አልተሰጠውም።

በሌላ በኩል የፈረንጅዋን ዶሮ እንመልከት። ነጭ ሌግሆርን በብዙ ትውልድ ምርጫ የማቀፍ ጠባይዋ እንዲጠፋ የተደረገች ዘር ናት። ዕንቁላልዋም የበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነገር ግን እርስዋ የተወችው ሥራ ከዓለም አልጠፋም፤ ወደ ሌላ ተላለፈ እንጂ። የማቀፉን ሥራ የመፈልፈያ መኪና ይሠራዋል፤ የማሳደጉን ሥራ ማሞቂያና ኤሌክትሪክ ይሠሩታል፤ የመጫሩን ሥራ ደግሞ የመኖ ፋብሪካ ይሠራዋል። አንዲት ዕንቁላል ጣይ የፈረንጅ ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል የተመጠነ መኖ ትፈልጋለች። ይህ በዓመት 42 ኪሎ ይሆናል። አምስት ዶሮ ያላት ሴት ከሁለት ኩንታል በላይ መኖ መግዛት አለባት ማለት ነው። መኖ ቢጠፋ ወይም ቢወደድ ዶሮዋ ዕንቁላል ማቆሟ አይቀርም፤ ወይም ከልጆች እህል ላይ ሊቀነስላት ነው።

ከዚህም በላይ፥ ማቀፍ የተወች ዶሮ ስታረጅ ተተኪ አትተውም። ባለቤቲቱ እንደገና ቄብ ለመግዛት ወደ ከተማ መሄድ አለባት። የሐበሻ ዶሮ ግን ተተኪዋን ራሷ ታወጣለች። እንግዲህ ሁለቱን ዶሮዎች በዕንቁላል ብቻ ማወዳደር፥ አንዱ ሠራተኛ ሦስት ሥራ ሲሠራ ሌላው አንድ ሥራ ሲሠራ በአንዱ ሥራ ብቻ እንደ መመዘን ነው።

3. በእመቤቶች ዘንድ ያለው ዕውቀት

ይህን የሦስት ሥራ ነገር የሚያውቁት በቤት ያሉ ሴቶች ናቸው። እናቴን የትኛዋ ዶሮ ጥሩ ናት ብዬ ብጠይቃት መልሷ ብዙ የምትጥለዋ አይደለም፤ አቅፋ የማታሳፍረዋ፥ ልጆቿንም የማታስበላዋ ናት። በገጠር ሰፈር ዶሮ አስታቃፊ ሴት ዘር የምትመርጠው በዚህ ሚዛን ነው። ነገር ግን ዕውቀታቸውን እንዲሁ ማመስገን ሒስ አይሆንም፤ ተመርምሮ ትክክሉ ከስሕተቱ መለየት አለበት።

ትክክል ከሆነው ውስጥ ዋናው የወቅት ምርጫ ነው። ብዙ ሴቶች ክረምት ሊገባ ሲል ማስታቀፍ አይወዱም። እህል ከተሰበሰበ በኋላ ባለው በጋ ግን ያስታቅፋሉ። በክረምት ጫጩት በብርድና በእርጥበት ያልቃል፤ በጋ ግን በአውድማ ዙሪያ የወዳደቀ እህል አለ፥ ምድሩም ደረቅ ነው። ሁለተኛው ትክክል የሆነ ነገር የዕንቁላሉ ልክ ነው። ከ10 እስከ 13 ዕንቁላል ለአንዲት ትንሽ ዶሮ ገላ የሚበቃ ነው፤ ከዚያ ሲበልጥ ዳር ያለው ይበርዳል። ቍጥሩ ጐዶሎ መሆን አለበት የሚለው ልማድ ራሱ ጥቅም ባይኖረውም ጉዳትም የለውም። ሦስተኛው ደግሞ ጎጆው ነው። ጨለም ባለ ጥግ፥ ገለባ ወይም ድርቆሽ በተነጠፈበት ሸክላ ወይም ቅርጫት ውስጥ ማስታቀፍ ዶሮዋን ከረብሻ፥ ዕንቁላሉንም ከመንከባለል ያድናል።

ሊታረም ከሚገባው ውስጥ አንዱ ዕንቁላልን ወዝውዞ የመሞከር ልማድ ነው። ውስጡ የተጀመረ ጫጩት ካለ መወዝወዝ ይጐዳዋል። ከመወዝወዝ ይልቅ በሰባተኛው ቀን ማታ ዕንቁላሉን በባትሪ መብራት ፊት መያዝ ይበቃል። ዘር ያለው ከሆነ ቀጫጭን ቀይ ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታያሉ፤ ባዶ ከሆነ ግን ጠርቶ ይታያል። ሌላው ስሕተት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠራቀመውን ሁሉ ማስታቀፍ ነው። ዕንቁላል ከ10 ቀን በላይ ሲቀመጥ የመፈልፈል ኀይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሸጣ ወይም ለልጆቿ ሰጥታ የኋለኞቹን የምታስታቅፍ ሴት በሁለት በኩል ታተርፋለች።

ማቀፏን ለማስቆም ሲፈለግ ደግሞ ዶሮዋን ለጥቂት ቀን ወደ ጎረቤት መውሰድ አለ፤ በእግሯ ዘቅዝቆ መስቀልም አለ። የፊተኛው ጎጆዋን ስለሚያስረሳት ይሠራል። የኋለኛው ግን እንስሳይቱን ከማሠቃየት በቀር ከፊተኛው የሚበልጥ ነገር የለውም፤ ሊቀር ይገባል።

4. ጥፋቱ ያለው የት ነው

ጥፋቱ ከዶሮዋ ካልሆነ ከወዴት ነው? ስለ ገጠር ዶሮ የተደረጉት ጥናቶች በአንድ ነገር ይስማማሉ። ዶሮዋ ካቀፈችው ዕንቁላል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 80 ያህሉ ይፈለፈላል፤ ከተፈለፈለው ግን ሁለት ወር ሳይሞላው ግማሽ ያህሉ ይሞታል። እንግዲህ ስሌቱን እንቀጥል። ዶሮዋ በሦስት ዙር 12 12 ዕንቁላል ብትታቀፍ 36 ይሆናል። ከዚህ 29 ጫጩት ይወጣል። ግማሹ ሲሞት 14 ይቀራል። ከመቶ 80 እንዲያድግ ቢደረግ ግን 23 ይተርፋል። አንድ ዕንቁላል ሳይጨመር፥ ዘርም ሳይለወጥ 9 ዶሮ ተገኘ ማለት ነው። የአንድ ያደገ ዶሮ ዋጋ የስንት ዕንቁላል ዋጋ እንደሚያህል ደግሞ ለፋሲካ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ ትዕግሥትን ለማስተማር ይነገራል። በጓሮ ያለው እውነት ግን ዕንቁላሉ በእግሩ ከሄደ በኋላ ነው የሚያስፈራው። መሄድ የጀመረው ግማሹ አይደርስም።

የጫጩት ጠላቶች የታወቁ ናቸው። ጭልፊት፥ ብርድ፥ ረኃብና በሽታ ናቸው። ለጭልፊቱና ለብርዱ መድኀኒቱ ጫጩቶቹን ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ከደጅ ማቈየት ነው። ብዙ ሴቶች በእንቅብ ከድነው ያቈዩአቸዋል፤ የእንጀራ ፍርፋሪና የተከካ እህልም ይሰጧቸዋል። በዚህ ረገድ ከአገራችን ምሁራን አንዱ የሆኑት ሰሎሞን ደመቀ ያጠኑት የድርቆሽ ሣጥን ሊጠቀስ ይገባዋል። ይህ በድርቆሽ የተደገፈ ሣጥን የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ስለሚያቈይ ኤሌክትሪክም ፋኖስም አይፈልግም። ዶሮዋም ጫጩቶቿ በሣጥን ሲያድጉላት ቶሎ ወደ መጣል ትመለሳለች። ከላይ 80 ቀን ብለን የቈጠርነው ስለሚያጥር፥ ዕንቁላሉም በዚያው ይጨምራል። እንግዲህ ስንፍና የተባለው ነገር በአንድ ሣጥን ድርቆሽ ሊቀነስ የሚችል ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ፈንግል ነው። ይህ በሽታ የገባበት ቤት አንዳንድ ጊዜ አንድም ዶሮ አይተርፈው፤ ከአንዱም ቤት ወደ ሰፈሩ ሁሉ ይዛመታል። ፈንግል ዘር አይመርጥም፤ የፈረንጁንም የሐበሻውንም ይፈጃል። ክትባቱ ግን አለ፤ በቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋምም ይሠራዋል። ሙቀት የሚችለው የክትባት ዓይነት በዓይን ጠብ እየተደረገ በየሦስትና በየአራት ወሩ ሲሰጥ ይከላከላል። ችግሩ አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ፥ ከተከፈተም ተቀምጦ የማይቈይ መሆኑ ነው። ስድስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ብትገዛው አብዛኛው ይደፋባታል። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። ሰፈሩ በዕድር ሬሳ የሚቀብር፥ በደቦ የሚያጭድ ሕዝብ ነው። በአንድ ቀን ጧት ዶሮዎች ከቆጥ ሳይወርዱ በመንደሩ ሁሉ እየዞሩ ማስከተብ ከዚህ አይከብድም። በአውራ ዕደላ የወጣው ድካም ቢያንስ በዚሁ ልክ ለክትባቱ ቢወጣ ኖሮ ዛሬ የምንናገረው ሌላ ነገር በሆነ ነበር።

5. ምክሩ የሚነገረው ለማን ነው

የዶሮ ገንዘብ የሴት ገንዘብ ነው። በሬውና እህሉ የባል ሲሆን፥ ዶሮና ዕንቁላል ለጨው፥ ለቡና፥ ለልጅ ደብተር የሚሆነውን ሳንቲም የምታገኝበት የእመቤቲቱ ሀብት ነው። ምክሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለአባወራው ነው። በስብሰባ የሚጠራው እርሱ ነው። ዶሮዋን በየማታው ቈጥራ ወደ ቤት የምታስገባው ሴት በዚያ ሰዓት ወይ ወፍጮ ቤት ናት ወይ ውኃ ወርዳለች። ዕውቀት ያለውን ትቶ ዕውቀት የሌለውን መምከር፥ ምክሩ መልካም ቢሆን እንኳ ፍሬ አይሰጥም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር በእመቤቶቹ በኩልም ሳይነገር መቅረት የለበትም። ዶሮዎችን ሰው በሚተኛበት ቤት ማሳደር ከሌባና ከሸለምጥማጥ ያድናል፤ ግን ዋጋ አለው። ቅንቅኑ አንድ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ የሕፃናት ጤና ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ስለ ኢትዮጵያ ገጠር የታተመ አንድ ጥናት ዶሮ ባለበት ቤት ያሉ ሕፃናት ዕድገታቸው የተሻለ መሆኑን፥ ዶሮዎቹ ሌሊት ከሰው ጋር በሚያድሩበት ቤት ግን ዕድገታቸው ዝቅ ያለ መሆኑን ገልጧል። ስለዚህ ባለሙያው ዶሮ ቤት ሥሩ ሲል ተሳስቷል አልልም። የተሳሳተው ሸለምጥማጥ የሚገባበት፥ ከቤት የራቀ፥ ዋጋው ከዶሮዎቹ ዋጋ የሚበልጥ ቤት ሲያሳይ ነው። ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ፥ በር ኖሮት በጭቃና በእንጨት የተሠራ ትንሽ ቆጥ ሁለቱንም ፍርሃት ያስታርቃል።

6. በሌላ ወገን ሊባል የሚችለው

አንድ አንባቢ ጸሐፊው የአገሩን ዶሮ ስለ ወደደ ብቻ ይሟገትላታል ይል ይሆናል። እንዲህ አይደለም። የፈረንጅ ዶሮ ጥቅም ያላት ቦታ አለ። መኖ በሚሸጥበት፥ መንገድ ባለበት፥ ዕንቁላሉ በዕለቱ ገዢ በሚያገኝበት በከተማ ዙሪያ፥ በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ አካባቢ እንደሚታየው፥ ትርፍ ታመጣለች። የከተማው ሕዝብ የሚበላውን ዕንቁላል የጓሮ ዶሮ ብቻዋን ልታቀርበው አትችልም። በድቅል ዶሮ ኑሮአቸውን ያሻሻሉ ሴቶችም አሉ። የምቃወመው ለከተማ ዙሪያ የሚሆነውን ምክር መኖ ወደማይደርስበት ሰፈር ወስዶ ሲያቅተው ገበሬውን መውቀስን ነው።

ደግሞም የሐበሻ ዶሮ ልትሻሻል አትችልም የሚለው እምነት ሐሰት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በሆሮ ዶሮዎች ላይ የተጀመረው የምርጫ ሥራ ከትውልድ ወደ ትውልድ ዕንቁላሉም ክብደቱም እንዲጨምር አድርጓል። ይህ የሚያሳየው ችሎታው በዘሩ ውስጥ እንዳለ፥ የጎደለው መራጭ ብቻ እንደ ነበረ ነው። የጥልልን፥ የሆሮን፥ የጃርሶን፥ የጨፌን፥ የቴፒን ዶሮዎች ታደለ ደሴ መርምረው ልዩነታቸውን አሳይተዋል። እያንዳንዳቸው ከሚኖሩበት አየርና ከሚጭሩት መሬት ጋር ለብዙ ዘመን ተስማምተው የኖሩ ናቸው። አውራዎቻችሁን አስወግዱ የሚለው ምክር ሙሉ በሙሉ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንመርጠው ዘር ባልተገኘም ነበር። ገበሬው ያልታዘዘው ምክር ለምርምሩ መነሻ የሚሆነውን ሀብት አቈይቶልናል።

7. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር አጭር ነው። የጓሮ ዶሮን ለማሻሻል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስንት ዕንቁላል ትጥላለች ብሎ አይደለም፤ ከተፈለፈሉት ስንቱ ሁለት ወር ይደርሳሉ ብሎ ነው። በዚህ ጥያቄ የተነሣ ሰው ከዘር በፊት ክትባትን፥ ከመኖ ግዢ በፊት የጫጩት መጠለያን፥ ከአባወራው በፊት እመቤቲቱን ያገኛል። ዘሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ የሚተርፍበት ቤት ይጠብቀዋል።

እኛ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ወደ የአገራችን ስንመለስ ይህን ለመመርመር ገንዘብ አያስፈልገንም። በአንድ መንደር ያሉትን ዐሥር ቤቶች መርጦ፥ በመስከረም የተፈለፈሉትን ጫጩቶች መዝግቦ፥ በኅዳር ስንቱ እንደ ቀሩና የጐደሉትም በምን እንደ ጠፉ እመቤቶቹን መጠየቅ ይበቃል። በክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የሚሄድ በክረምት ይቍጠር፤ የበጋውን ደግሞ ወንድም ወይም እኅት እንዲጽፍለት አደራ ይበል። መምህራኖቻችንም እንዲህ ያለውን ትንሽ መዝገብ ከትልቁ ጥናት አሳንሰው እንዳያዩብን እንለምናለን። እስከ ዛሬ የተሰጠው ምክር የጎደለው እንዲህ ያለ መዝገብ ነውና።